«ወለም ብሎት ነው» ከማለታችን በፊት

ዓምና ጥር ላይ እናቴን ለመጠየቅ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የ12 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ከሜዳ ገባ።

ሜዳ ስላችሁ የተስተካከለ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጎል ከሌላው ከፍ ያለ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ ያገጠጠበት ተዳፋት ነው። ከልጆቹ ግማሹ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ አንዳንዱ ባዶ እግሩን ነው፣ አንዱ ደግሞ የታላቅ ወንድሙን ታኬታ ጨርቅ ጠቅጥቆበት ይሮጣል። የእኛው ልጅ ኳስ ሊያወጣ ወደኋላ ሲሮጥ ድንጋይ አደናቀፈው፤ ሲወድቅ በመዳፉ መሬቱን ተመረኮዘ። አላለቀሰም። እናቴ ጎንበስ ብላ ያበጠውን አንጓ አየችና «ምንም አይደል፣ ወለም ብሎት ነው» አለች። እኔም አመንኩ።

ወደ ወጌሻ ይዘነው ሄድን። ማንም እንዲወቅሰን አልፈልግም፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር የጠገኑኝ የእኚሁ ሰው አባት ነበሩ። ክንዴ ዛሬም ደህና ነው። ወጌሻው አንጓውን በቅቤ አሹት፣ ሳብ አድርገው አስተካከሉት፣ ከዚያ በአራት የቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ደግፈው በጨርቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ለሰባት ቀን እንዳይነካ ብለው ሸኙን።

ሌሊት ልጁ አቃሰተ። እናቴ «ሲገጥም ነው የሚያመው፣ ቻለው እንጂ የኔ ጀግና» አለችው። እሱም ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ሊነጋጋ ሲል ጋቢውን ገልጬ ጣቶቹን አየሁ። አብጠዋል፣ ቀዝቅዘዋል፣ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ትንሿን ጣቱን ቆንጠጥ አድርጌ «አመመህ?» አልኩት።

«የትኛውን ነኩት ጋሼ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ በሩጫ ነው ያደረግነው። ጎረቤታችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከእንቅልፏ ቀስቅሰን ስናሳያት አንድ ቃል ሳትናገር መቀስ አምጥታ እስሩን ከላይ እስከ ታች ቆረጠችው። ጣቶቹ እስኪቀሉ የጠበቅናቸውን ደቂቃዎች አልረሳቸውም። ጠዋት ሆስፒታል ራጅ ሲነሳ፣ ወለምታ ያልነው ነገር ስብራት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም አጥንቱ በሚያድግበት ቦታ ላይ። የአጥንት ሐኪም እንዲያየው ደሴ ወሰድነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። እጁ ተረፈ። ብዙ ልጆች ግን በዚህ መንገድ እጃቸውንና እግራቸውን አጥተዋል፤ ስለዚህ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት።

በመጀመሪያ «ወለም ብሎት ነው» ስለምንለው ነገር። የልጅ አጥንት የአዋቂ አጥንት ትንሹ ምሳሌ አይደለም። ረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ እንደ ጆሮ ቅርጽ የሚለመጥ ለስላሳ ንብርብር አላቸው፤ አጥንቱ ቁመት የሚጨምረው ከዚያ ነው። ሴት ልጆች ላይ ይህ ቦታ ወደ 15 ዓመት ግድም፣ ወንዶች ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይደድርና ይዘጋል። አዋቂ ሰው እግሩ ሲጠመዘዝ ጅማቱ ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል፤ ወለምታ የምንለውም ይህንን ነው። ልጅ ላይ ግን ጅማቱ ከዚያ ለስላሳ ንብርብር ይልቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ያው አወዳደቅ አባትየውን ወለም ሲያደርገው ልጁን ሊሰብረው ይችላል። በአዋቂ ላይ ያየነውን ይዘን ልጁን ስንገምት የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜያቸውን የሚደብቁ ተጫዋቾችን ለመለየት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ የሚያስነሳው ለዚሁ ነው። የአንጓው ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ከ17 በላይ መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። የእኛው ልጅ የተሰበረውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ማደጊያው ተጎድቶ ሳይታይ ከቀረ አጥንቱ ማደጉን ሊያቆም ወይም ተጣሞ ሊያድግ ይችላል። ይህ የሚታወቀው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ያ ኳስ ጨዋታ ተረስቷል።

ታዲያ ቤት ሆነን ምን እናያለን? ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳ ልጅ በራሱ እግር አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ እያነከሰም ቢሆን፣ ራጅ ያስፈልገዋል። ወይም በግራና በቀኝ ወጣ ወጣ ያሉትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች በጣት ጫን ስትሉት አጥንቱ ራሱ ላይ ካመመው እንዲሁ። እጅ ላይም ሕጉ ተመሳሳይ ነው፤ ሥጋው ላይ ሳይሆን አጥንቱ ላይ ሲነኩት የሚጮኽ ልጅ ተሰብሯል ብሎ ማሰብ ይሻላል። ቅርጹ ከጠመመ፣ ወይም ሲወድቅ «ቀጭ» ሲል ተሰምቶት ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ማደርም የለበትም። አንዳንዴ የማደጊያው ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይ አይታይም። «ራጁ ምንም የለውም ብሏል» ተብሎ ልጁ በሳምንቱ ሜዳ ከገባና አሁንም አጥንቱ ላይ ካመመው ተመልሶ መታየት አለበት።

ሐኪም እስኪያየው የምናደርገው ጥቂት ነው፤ የማናደርገው ይበዛል። ማሸት የለም። መሳብ የለም። የሞቀ ቅቤም ሆነ የሞቀ ውሃ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እብጠቱን ያባብሳል እንጂ አይጠቅምም። በረዶ ከየት ይመጣል ለሚለኝ፣ የቦረና ምንጭ ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ በረዶ ነው፤ ጨርቅ ነክሮ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በየተወሰነ ሰዓቱ ማኖር ይበቃል። የተጎዳውን እጅ ወይም እግር ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። በሆነበት ሁኔታ ሳያቃኑ በካርቶን ወይም በተጠቀለለ ጋዜጣ ደግፎ፣ ነጠላ አዙሮ ላላ አድርጎ ማሰር። ቀለበት፣ አምባር፣ የእጅ ክር ካለ ሳያብጥበት ቶሎ ማውለቅ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው፤ ቡናም፣ አፈርም፣ ቅጠልም አይነካውም። የቲታነስ ክትባት እንደሚያስፈልገውም አስታውሱ።

አንዴ ከታሰረ በኋላ፣ የወጌሻ ቀርከሃም ይሁን የሐኪም ጀሶ፣ ሥራው የቤተሰብ ነው። ጀሶም ሲጠብ ያው ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ከእስሩ ወደታች ያሉትን ጣቶች በየሰዓቱ እዩ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ነጭ ይሆንና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ መቅላት አለበት። ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ እስሩ ደም አሳጥቶታል። ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ምልክት ግን ሕመም ነው። በትክክል የታሰረ ስብራት ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል። እየባሰ ከሄደ፣ በተለይ ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀና ሲያደርግለት የሚጮኽ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን እስሩን ቁረጡት። ደም ያላገኘ ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። እኛ ቤት «ሲገጥም ነው የሚያመው» ስንል ያደርነው ይህን ሰዓት ነው።

ወጌሻውን ለመክሰስ እንዳልጻፍኩ ላስታውስ። መካነ ሰላም ከተማ ላይ ሆስፒታል አለ፤ ወደ ዓባይ በረሃ ጥግ ካሉት ቀበሌዎች ወይም ከሳይንት ተራሮች ሥር ለሚመጣ ሰው ግን ይህ ራሱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ከዚያ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ይታወቃል፣ ገንዘብ ባይኖርም አይመልስም። ስለዚህ «ወጌሻ ጋ አትሂዱ» ማለት በእንደዚህ ያለ አገር ባዶ ንግግር ነው። በጉራጌ አገር አጣጥ ሆስፒታል አንድ ጥሩ ነገር ተሠርቶ ነበር። በወጌሻ እስር ምክንያት እጅና እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች ሲበዙባቸው ሐኪሞቹ ወጌሾቹን ሰብስበው አጭር ስልጠና ሰጧቸው፤ እንዴት እንደሚላላ፣ ጣት እንዴት እንደሚታይ፣ የትኛው ስብራት ወደ ሆስፒታል እንደሚላክ። ከዚያ በኋላ የሚቆረጡት ሰዎች ቁጥር በጉልህ ቀነሰ፤ ውጤቱም በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ስልጠናው የጠየቀው ውድ መሣሪያ አልነበረም።

እኔም ከመመለሴ በፊት ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ወጌሻውን ቤታቸው ድረስ ሄደን አነጋገርናቸው። ፈርቼ ነበር የሄድኩት። ልጁ ምን እንደሆነ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የራሳቸውን አውራ ጣት ጥፍር ጫን እያደረጉ ሲነጣና ሲቀላ ተመለከቱ። «አባቴ በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ያይ ነበር። እኔ ነኝ የተውኩት» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

እስካሁን ያልኩት ድንገት ስለሚመጣው ጉዳት ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣው ደግሞ አለ፤ እሱን ማየት ይበልጥ ይከብዳል። የሚወድቅ ልጅ ሲወድቅ ይታያል። የምትሮጥ ልጅ አጥንት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሰነጠቅ ግን ማንም አያይም።

እዚያው ሠፈር አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አለች። በየማለዳው ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ትሮጣለች። አባቷ ደራርቱን ነው የሚያስባት፤ እና ማን ይፈርድበታል? በአንድ ልጅ ሩጫ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ሠፈር ሙሉ ሲለወጥ አይተናል። ልጅቱ ከጥቅምት ጀምሮ ቅልጥሟን ያማት ነበር። በመጀመሪያ ሮጣ ስትጨርስ፣ ቀጥሎ እየሮጠች፣ ቀጥሎ ስትራመድ፣ በመጨረሻ ተኝታም። ለማንም አልተናገረችም፤ የመልመጃ ፕሮጀክት ምርጫ ቀርቦ ነበርና። «አመመኝ» ያለች ልጅ እንደማትመረጥ ታውቃለች። አባቷ ያወቀው ውሃ ቀድታ ስትመለስ ስታነክስ አይቶ ነው።

ልጆቻችን እንዲህ እንዲሆኑ ያስተማርናቸው እኛው ነን። የአበበ ቢቂላን የቶኪዮ ታሪክ የማይነግር አባት አለ? በ1964 እ.ኤ.አ. ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶን ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። እውነት ነው፣ ድንቅ ነው። ግን ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የሆነውን ስንቶቻችን ለልጆቻችን እንነግራለን? ያው አበበ ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት እግሩን አመመው፤ ሐኪሞች ሲያዩት ከጉልበቱ በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች ቀጭኑ ላይ ስንጥቅ አገኙ። ሮጠ፤ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ለኢትዮጵያ አሸነፈላት። አበበ ቢቂላ በጀግንነት ያልቻለውን ስንጥቅ የ15 ዓመት ልጅ እንድትችለው መጠበቅ የለብንም።

ማረፍ የሩጫ መጨረሻ የሚመስለው ካለ ደግሞ ሌሎቹን ይመልከት። ቀነኒሳ በቀለ በባቱ ጉዳት ምክንያት ከ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ከዓመት ተኩል በላይ አልተወዳደረም። በ2011 ዴጉ ላይ ተመልሶ አቋርጦ ወጣ፤ ሳምንታት ቆይቶ ግን ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አሸነፈ። ጥሩነሽ ዲባባም በቅልጥሟ ሕመም ዴጉ ላይ አልተሰለፈችም፤ በዓመቱ ለንደን ላይ ወርቅ ወሰደች።

ቅልጥም ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ስንጥቅ አይደለም። ልጃችሁን «የት ነው የሚያምህ?» በሉት። መዳፉን ዘርግቶ ርዝመቱን ሁሉ ከዳበሰላችሁ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የአጥንት ሽፋን ድካም ነው፤ ልምምዱን ቀንሶ ይሻለዋል። በአንዲት ጣት አንዲት ቦታ ከጠቆመ፣ እዚያችው ቦታ ሲነኩት ካመመው፣ ወይም በአንድ እግሩ ሲዘል ከጮኸ ይቁም። የስንጥቅ ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ባዶ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ራጁ ሳይሆን ሕመሙ ይታመን። አብዛኛው ስንጥቅ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እረፍት ያገኘ እንደሆነ በራሱ ይድናል። ያቺ ልጅ አርፋ ድናለች፤ ሚያዝያ ላይ መሮጥ ጀምራለች። ምርጫው ግን አምልጧታል፤ አባቷ እስከዛሬ ይቆጨዋል፣ እኔም ምን እንደምለው አላውቅም።

ልጆች ምን ያህል ቢለማመዱ ነው የማይበዛባቸው? የስፖርት ሐኪሞች የሚሰጡት አንድ ግምት አለ፤ በሳምንት ውስጥ የሚያደርገው ልምምድና ውድድር በሰዓት ሲቆጠር ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ፤ የ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት አይበልጥም ማለት ነው፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያርፋል። ይህ ስሌት የወጣው ግን በመኪና ትምህርት ቤት ለሚደርሱ ልጆች ነው። የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ዳገት ቁልቁለት ይሄዳል፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይሸከማል፣ ቅዳሜ ከብት ይከተላል። አሰልጣኙ «ሰኞ ልምምድ ጀመርን» ሲል ልጁ ከጀመረ ቆይቷል። ቤተሰብ የሚያየውን አሰልጣኝ አያይም፤ ንገሩት። ውድድር በሚኖርበት ሳምንት ጀሪካኑን ሌላ ሰው ቢይዝ ልጁ አይቀማጠልም።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን መዝለል አልችልም። ሳትበላ የምትሮጥ ልጅ አጥንቷ ይሳሳል። በተለይ የወር አበባዋ የቆመባት፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ያልመጣላት ሯጭ፣ ሰውነቷ የሚገባው ከሚወጣው እንዳነሰ እየተናገረ ነው። አንዳንድ አሰልጣኝ ይህንን የጥሩ ልምምድ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል ሲባል ሰምቼ ደንግጫለሁ። እናቶችና አያቶች ናችሁ ይህንን መጠየቅ የምትችሉት፤ አባት አይጠይቅም። ጾምን በተመለከተ ልጅ ይጹም አይጹም የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። በጾም ወራት ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ሰሊጡንና ጎመኑን ማብዛት፣ በረመዳን ደግሞ ከባዱን ልምምድ መቀነስ ወይም ከማፍጠሪያ በኋላ ማድረግ ግን የአሰልጣኙም ጉዳይ ነው።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ልጆች ብዙ ናቸው። በፈጣን ዕድገት ጊዜ ከጉልበት ሎሚ በታች የምትወጣው ጉብታ ወይም የተረከዝ ሕመም አስፈሪ አይደለም፤ ጅማቱ ያላደገውን አጥንት ስለሚጎትት ነው፤ ሩጫና ዝላይ ሲቀነስ ይረግባል፣ ዕድገት ሲያልቅ ይጠፋል። ሦስት ነገሮች ግን ይለያሉ። ጉልበቴን አመመኝ እያለ የሚያነክስ፣ እግሩም ወደ ውጭ የዞረ ልጅ በሽታው ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጉልበቱ ብቻ ታይቶ አይለቀቅ። አጥንቱን አሞት ትኩሳት ያለው ልጅ ኳስ የመታው አይደለም፤ አጥንት ውስጥ የገባ ቁስለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሳይጫወትም ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን፣ በሳምንታት ውስጥ የማይለቀውን የአንድ ቦታ ሕመምም «የዕድገት ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ራስም አለ። ገና ሲደርስ ዱላውና ሩሯ፣ ሌላ ጊዜ ሁለት ራስ ለአንድ ኳስ። ተመትቶ ራሱን የሳተ፣ የፈዘዘ፣ አንድ ጥያቄ የሚደጋግም ልጅ ተሻለኝ ቢልም በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው ውጭ እንቅልፍ ከያዘው ሆስፒታል ነው።

ከዚህ ሁሉ አብዛኛውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል፤ ወጪውም ጊዜ ብቻ ነው። ፊፋ ያዘጋጀው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፤ ቀስ ያለ ሩጫ፣ በክርንና በጣት ጫፍ ተደግፎ መቆየት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍ። ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ልጆች ላይ ሲሞከር ጉዳቱን በሲሶ ያህል ቀነሰ፤ ከዚያ በታች ላሉ ልጆች የተዘጋጀው ደግሞ በግማሽ ያህል። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሲያድር ሜዳ ገብቶ ወዲያው መተኮስ ቋንጃን መበጠስ ነው። እዚያ 20 ደቂቃው ራሱ ያንሳል። ከማሟሟቁ በፊት ደግሞ ሁሉም ልጅ አምስት ድንጋይ ለቅሞ ከሜዳው ያውጣ። ይህንን ለአንድ የስፖርት መምህር ነግሬው ሳቀ፤ በሳምንቱ ግን ልጆቹ ሲለቅሙ አየሁ።

አሰልጣኞችም ሆነ ወላጆች የልጅን ዕድሜ ማሳነስ እንደ ብልጠት የሚታይበት ነገር ይቅር። የ18 ዓመት ጎረምሳ «14 ነው» ተብሎ ሲገባ የሚጎዳው እውነተኛው 14 ነው፤ አጥንቱ ገና ያልዘጋው።

የእህቴ ልጅ ጀሶው በስድስተኛው ሳምንት ተፈታለት። ሐኪሙ በስድስት ወሩ አይተውት ደህና ነው ብለዋል፤ በዓመቱ ደግሞ የሁለቱን እጆች ራጅ ጎን ለጎን አድርገው እኩል ማደጋቸውን ማየት ይፈልጋሉ። ዓመቱ የሚሞላው በዚህ ወር ነው። ደሴ ላይ ልንገናኝ ተቀጣጥረናል። ባለፈው ሳምንት ስደውልለት ስለ እጁ ስጠይቀው ቶሎ አሳጠረውና «ጋሼ፣ ታኬታ ያመጡልኛል?» አለ። ቁጥሩን ጠየቅሁት። 36 አለኝ። ወዲያው ከጀርባ የእናቴ ድምፅ ተሰማ፤ ስልኩን ቀማችው መሰለኝ።

«38 ግዛለት» አለች፤ «ለከርሞም ይሆነዋል።»

36 ገዝቻለሁ።